የአሮጌ ሽቶ ዕድሜ ከየት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ «ሻሊማር» የሚባል የፈረንሳይ ሽቶ ከነካርቶኑ ገዛሁ። ሻጩ የ1970ዎቹ ነው አለኝ። የምርት መለያ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ሳስገባው ግን 2017 ይላል። ማንን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና ካርቶኑን ያንብቡ። በብዙ የሽቶ ቤቶች መለያ ቁጥር ውስጥ ዓመቱን የምትነግረው አንዲት አኃዝ ናት፤ በየ10 ዓመቱ ትመለሳለች። ስለዚህ «7» 2017ም፣ 2007ም፣ 1997ም ልትሆን ትችላለች፤ ድረ ገጾቹ ብዙ ጊዜ የቅርቡን ዓመት ይሰጣሉ።

የማይዋሸው ሕግ ያስጻፈው ጽሑፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ የይዘት ዝርዝር ግዴታ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ እንደ ሊሞኔን፣ ሊናሎልና ኩማሪን ያሉ 26 አለርጂ ቀስቃሾች በየስማቸው እንዲጻፉ ተደረገ። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ ምንም ዝርዝር ከሌለ ሽቶው ከ1990ዎቹ መጨረሻ በፊት የተመረተ ሳይሆን አይቀርም፤ አልኮል፣ ውሃና ፓርፉም (የሽቶው ቅመም በጅምላ ስሙ) ብቻ ከተጻፈ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2005 ባለው ጊዜ የተመረተ ሊሆን ይችላል፤ ረጅም ዝርዝር ካለ ግን የሻጭዎ 1970ዎቹ እዚያው ቀረ። ባርኮድም ይረዳል፤ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1974 ስለሆነ ባርኮድ ያለው ካርቶን ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብልቃጡን ብቻ ይዞ «ዝርዝር የለውምና አሮጌ ነው» ሲል ነው። ዝርዝሩ ድሮም የሚታተመው ካርቶኑ ላይ ነበር። አዲስ ብልቃጥ በአሮጌ ካርቶን የሚሸጥም አይጠፋም፤ በሁለቱ ላይ ያለው መጠንና መለያ ቁጥር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። በሻሊማር ደግሞ የብልቃጡን ቂጥ ይገልብጡና ይዩ፦ የ1925ቱን ብልቃጥ የሠራው ባካራ የሚባለው የፈረንሳይ ክሪስታል ፋብሪካ ነው፣ ማኅተሙም መስታወቱ ላይ ይገኛል፤ ፖሼ የሚባለው የመስታወት ፋብሪካ የሠራቸው «ኤች ፒ» (HP) የሚል ምልክት አላቸው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሽቶዬ ጠቁሯል፣ ገና ሲረጭም አሴቶን አሴቶን ይላል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አይጣሉት። መጀመሪያ የሚበላሸው እንደ ቤርጋሞት ያለው የሎሚና የብርቱካን ወገን ፍሬዎች ሽታ ነው። ወረቀት ላይ ይርጩና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከሥሩ ቫኒላው፣ እንጨቱ ወይም ሙጫው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ኮምጣጣ ወይም የቆየ ዘይት ከሸተተ አልቆለታል። መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቫኒሊን (የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ያለበት ሽቶ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል። የእንስሳ ሽታ ከመጣም አይደንግጡ፤ በድሮ የፈረንሳይ ሽቶዎች ውስጥ የጥርኝ ዝባድ ይገባ ነበር፣ አብዛኛውም ከእኛው አገር በቀንድ ታሽጎ የሄደ ነው።

ጥያቄ፦ የመስታወት ክዳኑ አልወጣ አለኝ።

መልስ፦ በፒንሳ አይንኩት፣ አንገቱ ይሰበራል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ አንገቱ ላይ ለ1 ደቂቃ ይጠምጥሙ፤ ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ ዙሪያውን ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉና ወደ ጎን እያዞሩ ያውጡት። ካልሆነ አንድ ጠብታ ዘይት ክዳኑና አንገቱ የሚገናኙበት ላይ ጠብ አድርገው ያሳድሩት። ከወጣ በኋላ ሁልጊዜ ቀጥ አድርገው፣ ከነካርቶኑ፣ ብርሃን በማይደርስበት መሳቢያ ያስቀምጡት።