«ልጄ ኳስ ሊያይ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው፤ ልከልክለው?»

ጥያቄ፦
ሰላም ለአዘጋጁ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ልጄ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ደውሎ «እማዬ፣ ህዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር በመኪና ሚሺጋን ሄደን ኳስ ልናይ ነው» አለኝ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የእነሱ ዋና ባላንጣ ነው አሉ። ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወቅቱ ብርድ ነው። ስታዲየሙ ደጅ ላይ መጠጥ እንደሚጠጣም ሰምቻለሁ። የእኛ ልጅ ደግሞ ሙስሊም ነው፤ ጾሙንም ሶላቱንም አያጓድልም። አባቱ «ተይው፣ አድጓል» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለኳስ ይህን ያህል መንገድ ምንድን ነው? ልከልክለው ወይስ ልተወው?
የተማሪ እናት፣ ከጅማ

መልስ፦
እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ፈረንጅ አራዳ ነው። ማስተርሴን የተማርኩት እዚያው ኮሎምበስ ነው። ልጅዎ ያሰበውን መንገድም ሄጄበታለሁ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ይፍቀዱለት። ግን ጠይቀው ይፍቀዱለት። ምን እንደሚጠይቁት እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ተይዛ ይሮጥባታል፣ ትወረወራለች። የሚያጠቃው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ኳሷን ይዞ መጨረሻው ክልል ከገባ 6 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ምርጫ ይሰጠዋል። ወይ ኳሷን በእግሩ መትቶ በቋሚዎቹ መሀል ያሳልፍና 1 ነጥብ ይጨምራል፤ ወይ እንደገና ገፍቶ ይገባና 2 ነጥብ ይወስዳል። ይህችን ምርጫ ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሁለቱ ጠብ ደግሞ ከኳሱ ይቀድማል። እንደ ፈረንጆች በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን በቶሌዶ ከተማ ይገባኛል ሚሊሻ እስከማሰለፍ ደርሰው ነበር። ቶሌዶ ለኦሃዮ ሆነች። ዩኒቨርሲቲዎቹ መጋጠም የጀመሩት በ1897 ነው። አሁን የሚጫወቱት የምስጋና ቀን ከሚሉት ሐሙስ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው፤ አንድ ዓመት ኮሎምበስ፣ አንድ ዓመት አን አርበር፣ የሚሺጋኖች ከተማ። ስም እንኳ አይጠሩለትም፣ በቃ «ጨዋታው» ነው የሚሉት። በዚያ ሳምንት ኮሎምበስ ግቢ ውስጥ በየምልክቱ ላይ ያለችው የሚሺጋን መነሻ «ኤም» ፊደል በቀይ ፕላስተር ትሰረዛለች። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት፣ በ2010፣ ዋንጫውን ሲያነሳ ያዩትን ያስታውሱ። እዚያ እንዲህ ያለው ስሜት በየዓመቱ ነው፤ ያውም ለተማሪዎች ጨዋታ።

እኔ የሄድኩት ህዳር 21 ቀን 2006 ነው። ቀኑን የማልረሳው ጽዮን ማርያም ስለነበረ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አራት ሆነን ተነሳን። ሦስቱን ከአንድ ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ግን መተዋወቃችን «ሃይ» ከመባባል አያልፍም ነበር። ለምን እንደጋበዙኝ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ምናልባት መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ተርፏቸው ይሆናል።

ባዶ እጄን መሄድ አልወደድኩም። እናቴ የላከችውን ቡና ሌሊት አፍልቼ በፔርሙስ ያዝኩ። ቆሎም ነበረኝ። ከከተማ ሳንወጣ መኪናው በቡና ሽታ ታወደ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ስለ ጅማ ተናገርኩ፣ ስለ ቡናው፣ ቡና ዛፍ ጥላ ስር እንደሚበቅል፣ በቤታችን ቡና ሲጠጣ ሦስተኛው ሳይቀመስ እንደማይነሳ። ሹፌራችን የገበሬ ልጅ ነበር። ቡና ዛፍ ላይ ምን እንደሚመስል፣ ለቀማው መቼ እንደሆነ፣ ለቃሚው በምን እንደሚከፈለው አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እኔም ስለ አባቱ በቆሎ ጠየቅኩት። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ተቀምጠን ያላወራነውን በሦስት ሰዓት አወራነው።

መንገዱ ራሱ አያስፈራም። በ23 ቁጥር ወደ ሰሜን፣ ማሪየንን አልፎ፣ ፊንድሌይ ላይ 75 ቁጥር መግባት ነው። ከቶሌዶ በኋላ ድንበር። ሁሉም ሜዳ ነው፣ በቆሎው የተሰበሰበ እርሻ። እንደ ጊቤ ያለ ቁልቁለት የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

ስታዲየሙን ከውጭ ሲያዩት አይገርምም። አብዛኛው መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ ዝቅ ያለ ግንብ ይመስላል። በሩን አልፈው ሲገቡ ነው እግርዎ ስር የሚከፈተው። እንደ ፈረንጆች በ1927 ነው የተሠራው። ከ107 ሺህ በላይ ወንበር አለው። በዚያ ቀን የገባው 113,511 ሰው ነበር። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ከዚያ በፊት ያየሁት በጥምቀት ብቻ ነው።

ከመግባታችን በፊት ሰዎች ግቢያቸው ሣር ላይ መኪና በገንዘብ ያስቆማሉ፣ ጥብስ ይጠበሳል፣ ቢራ ይጠጣል። ይህን አልደብቅዎትም። ግን ማንም አፍ ላይ አይደፋም። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» አልኩ፣ በቃ። ቆሎዬን በላሁ። ጎረቤታችን የነበሩት የሚሺጋን ደጋፊዎችም ከቆሎው ዘገኑ። ልጅዎ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ጥብሱ ነው፤ ቋሊማው ብዙ ጊዜ የአሳማ ስለሆነ የራሱን ምግብ ይያዝ። ዙህርና አስርንም ከመነሳቱ በፊት ያስብበት። ዙህር የሚገባው ጨዋታው ከተጀመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ለጓደኞቹ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ሲነገራቸው ቦታ ይፈልጉለታል።

ስድብም ሰምተናል። የኦሃዮ ስቴትን ቀይ ስካርፍ አድርገን ስናልፍ ከአንድ በረንዳ ላይ ሰካራም ወጣት ክፉ ቃል ወረወረብን። ጓደኞቼ መሀል አስገብተውኝ አለፉ። ቀና ብለውም አላዩትም። ልጅዎም እንዲህ ያድርግ፤ መልስ አይስጥ፣ ብቻውን አይለይ።

ብርዱ ግን እናቴ! የበለጠኝ እሱ ነው። ካፖርት ደርቤያለሁ፣ እግሬ ላይ ግን ተራ ስኒከር ነበር። በእረፍት ሰዓት ጣቶቼ አልሰማኝ አሉ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ፣ የሚሺጋን ኮፍያ ያደረጉ፣ ከእግራቸው ስር ካርቶን ጎተቱና ግማሹን ቀደው ሰጡኝ። «ቁምበት» አሉኝ። ቆምኩበት። እውነትም ልዩነት አለው።

አሁን ያቺ ምርጫ። ኦሃዮ ስቴት 42 ለ35 እየመራ ነው። 32 ሰከንድ ሲቀር ሚሺጋኖች ገቡ፤ 42 ለ41። አንዷን ነጥብ መትተው አቻ መውጣት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ለማሸነፍ ሁለቱን መረጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆመ። ኳሷ ተወረወረች፤ የእኛ ተከላካይ መሀል ላይ ቀለባት። እኛ ያለንበት ጥግ ጮኸ፤ የቀረው ስታዲየም ጸጥ አለ። ሽማግሌው ዞር ብለው ጨበጡኝ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር» አሉ። ዓይናቸው እንባ ነበረው። እኔም ጩኸቴን ዋጥኩት፤ መኪናችን ጋ ደርሰን በሩን እስክንዘጋ ድረስ።

አሁን ለልጅዎ የሚያነሱለትን ጥያቄ ልንገርዎ። ዋናው መመለሻው ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጉዞው አብዛኛው በጨለማ ነው። ህዳር ደግሞ አጋዘኖች ለመራባት የሚፈላለጉበት ጊዜ ስለሆነ መንገድ ላይ ይዘላሉ። ከመኪና ጋር የሚጋጩትም በብዛት በዚህ ወቅት ነው። የእኛ ሹፌር ሌሊቱን አልተኛም ነበር። ፊንድሌይ አካባቢ ዓይኑ ሲከደን አይቼ ቀሰቀስኩት። ነዳጅ ማደያ ቆመን አንድ ሰዓት ተኛ። ከእኛ ውስጥ ሌላ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አልነበረም። እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። ስለዚህ «ስንት ሰው ይነዳል?» ይበሉት። ሁለት ካልሆኑ እዚያው ያድሩ ወይም ይቅር። «የሚነዳው ይጠጣል?» ይበሉት። መልሱ «ትንሽ» ከሆነ ይከልክሉት፤ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም።

ስለ ገንዘቡም ይጠይቁት። የእንግዳ ቡድን ቲኬት ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው ከሻጭ በውድ ነው የሚገዛው። ሳይከፍል ዋጋውን ይንገርዎት። የትምህርቱን ነገር እሱ ያውቃል፤ ፈተናው ከዚያ በኋላ ብዙም አይቆይም።

ሰዓቱን ልንገርዎትና ልጨርስ። ጨዋታው ቀትር ላይ ከሆነ በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ኮሎምበስ የሚገባው እዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ነቅተው አይጠብቁት። መኪና ውስጥ ሲገባ አንድ መልእክት፣ ቤቱ ሲደርስ አንድ መልእክት ይላክ። ለሱብሒ ሲነሱ ሁለቱንም ያገኟቸዋል።

ከጅማ የሚሄድ ሰው ካገኙ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ግማሽ ኪሎ ቡና ይላኩለት። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይሁን። ዶርም ውስጥ ቢቆላው የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን ሁሉ ያስወጣዋል። ፔርሙስ እዚያው ይገዛል፤ ለአራት ሰው የሚበቃ ይግዛ።