ኑዛዜ ልጻፍ ስል ልጆቼ "አታሟርቺ" ይሉኛል

ጥያቄ፦ ወለተ ሚካኤል ነኝ፣ ከጅማ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። አብረን የሠራነው ቤት ሄርማታ አለ፤ ማና ደግሞ ትንሽ የቡና መሬት አለን። ልጆቼ ሦስት ናቸው። አንዷ አብራኝ ናት፣ የምታስታምመኝም እሷ ናት። ሌሎቹ አዲስ አበባና ቤሩት ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ስለ ኑዛዜ ሳነሣ "እማዬ፣ አታሟርቺ" ይሉኛል። ለንስሐ አባቴ በቃል ብናገር አይበቃም ወይ? ደግሞስ፣ ተስፋ ከሌለኝ በማሽን አታቆዩኝ ብል ራሴን እንደማጥፋት ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ እናታችን ወለተ ሚካኤል፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ።

መጀመሪያ ስለ ሟርቱ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ሲታመም ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ ቤቱን እንዲያስተካክል ነገረው። ሕዝቅያስ ግን አልቅሶ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ቤትን ማስተካከል ሞትን አይጠራም። ያዕቆብም ዮሴፍን ጠርቶ "በግብፅ አትቅበረኝ" ብሎ አስምሎታል። ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። ልጆችዎ "አታሟርቺ" የሚሉት ስለሚወዱዎት ነው፤ አይቀየሟቸው። ግን ዝም ብለው ቢሄዱ ጣጣው የሚወድቀው በእነሱ ላይ ነው። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ የሚኳረፉ ወንድምና እኅት ስንት አሉ!

በቃል መናገር ለቤት አይበቃም። ይህን ብዙ ምእመን አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውርስ ጉዳይ ዛሬም ይሠራል። በዚያ ሕግ የቃል ኑዛዜ የሚባለው ሞት የተቃረበበት ሰው ሁለት ምስክሮች ባሉበት የሚናገረው ነው። እሱም የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳሪ ለመምረጥ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታም ብቻ ነው። የንስሐ አባትዎ መስቀላቸውን ይዘው ቢመሰክሩ እንኳ ቤት በዚህ አይተላለፍም።

ስለዚህ ይጻፉት። ሌላ ሰው እርስዎ እያሉት ቢጽፍልዎ ይቻላል። ከዚያ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ። መነበቡም ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ ይጠቀስ። እዚያው ሳትነሡ ሁላችሁም ፈርሙ። በገዛ እጅዎ መጻፍም ይችላሉ። ያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች በእጅዎ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ ያስፍሩ። ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ ከሥሩ መፈረም እንደ እጅ ጽሑፍ አይቆጠርም። እኔ በምስክሮች ፊት የሚደረገውን እመርጥልዎታለሁ። ከእድራችሁ አራት የታመኑ ሰዎች አይጠፉም። ወራሾቹ ግን ምስክር አይሁኑ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቤቱን አብራችሁ ከሠራችሁት ግማሹ የባለቤትዎ ነበር። ሳይናዘዙ አርፈው ከሆነ ያ ግማሽ በሕግ ወደ ልጆቻቸው ሄዷል። ሚስት የራሷን ድርሻ ትይዛለች እንጂ ያለ ኑዛዜ የባሏን አትወርስም። እርስዎ መናዘዝ የሚችሉት በራስዎ ድርሻ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ካላወጣችሁ ከዚያ ጀምሩ። የማናው የቡና መሬት ደግሞ የይዞታ መብት ነው፤ እንደ ከተማ ቤት አይታይም፣ የራሱ ሕግ አለው። የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ካልተናዘዙ ልጆችዎ እኩል ይካፈላሉ። ለምታስታምምዎት ልጅ ትንሽ ላብዛላት ቢሉ ኃጢአት የለበትም። ምክንያቱን ግን ይጻፉ፤ ለሌሎቹም ራስዎ ይንገሯቸው። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ክርክር ሊያስነሣ ስለሚችል ጠበቃ ያማክሩ። "ከአሁኑ ስም አዙሪልን" የሚል ቢመጣ ግን እሺ አይበሉ። መጽሐፈ ሲራክ በሕይወት ሳለህ ሀብትህን ለሌላ አሳልፈህ አትስጥ ይላል፤ አንተ የልጆችህን እጅ ከምታይ ልጆችህ አንተን ቢለምኑህ ይሻላልና። ለቤተ ክርስቲያንም መስጠት ካሰቡ ዛሬ በእጅዎ ይስጡ። ሕጉም ታማሚን በመጨረሻ ጊዜው ያገለገለ ካህን በኑዛዜ የሚያገኘውን ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንሰው ወይም እንዲሽረው ይፈቅዳል። ለእኛ ለአገልጋዮች ይህ መልካም ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው። ሕይወት የእግዚአብሔር ናት። "መርፌ ወግታችሁ ግደሉኝ" ማለት አይፈቀድልንም። "ጸበል ስለምጠጣ መድኃኒቴን ትቻለሁ" ማለትም ልክ አይደለም፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ሐኪምንም አክብር ተብለናል። እርስዎ የስኳር መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ጸበልዎን ይጠጡ። ነገር ግን ሐኪሞቹ "ከዚህ በኋላ አይድንም፣ የምናደርገው ሞቱን ማዘግየት ብቻ ነው" ሲሉ፣ "እንግዲያስ በቤቴ፣ በልጆቼ መሐል ልረፍ" ማለት ራስን ማጥፋት አይደለም። ለፈጣሪ ፈቃድ መገዛት ነው። የሕመም ማስታገሻ መቀበልም ኃጢአት የለበትም።

ብቻ "ማሽን አልፈልግም" ብለው በደፈናው አይዝጉት። በሳንባ ምች የተያዘ ሰው ጥቂት ቀን በማሽን ተንፍሶ ድኖ ሊወጣ ይችላል። "ልድን የምችል ከሆነ አድርጉልኝ፤ ተስፋ የለም ከተባለ አታንከራቱኝ፣ ቤት ንብረት ሸጣችሁም ከሆስፒታል ሆስፒታል አትዙሩ" ብለው ይንገሯቸው። ይህን ለአንዷ ብቻ ሹክ አይበሏት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሐኪሙ ወጥቶ "ማን ይወስናል?" ይላል። ከውጭ አገር የሚደውለው "ሁሉም ይደረግላት!" እያለ ይጮኻል። ሌሊቱን ሁሉ አልጋው ሥር የተቀመጠችው ልጅ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች። እናቷ የነገረቻትን ብትናገር "ልትወርሳት ቸኮለች" ትባላለች። ስለዚህ ቤሩት ያለው ልጅዎ በቪዲዮ ይደወልለት፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይስሙ፣ ማን እንደሚናገርልዎም ያኔ ይምረጡ። ቀን ጽፈው ፈርመው ከሕክምና ካርድዎ ጋር ያስቀምጡት። የሚከታተልዎት ሐኪምም ይወቀው።

ሌላም አደራ ይጨምሩበት፦ "ካህን በጊዜ ጥሩልኝ።" ብዙ ቤተሰብ ካህን ሲገባ በሽተኛው ይደነግጣል ብሎ ይፈራል። እየፈራ ይቆይና አንደበት ከተዘጋ፣ መዋጥም ካቃተ በኋላ ይጠራናል። ያን ጊዜ ንስሐ የሚናገር አፍ የለም፤ ሥጋ ወደሙን ማቀበልም ያስቸግራል። ካህን የሚጠራው ለሞት ብቻ አይደለም፤ ቅዱስ ያዕቆብ በሽተኛ ካህናትን ይጥራ፣ በዘይትም ይቀቡት ያለው እንዲድን ነው። ስለ ቀብርዎና ስለ ተዝካርዎም ይናገሩ። ጸሎተ ፍትሐቱ አይቅርብዎ፣ ነዳያንም ይብሉ፤ ልጆችዎ ግን ለድግስ ብለው ዕዳ ውስጥ አይግቡ።

ኑዛዜዎን ቢያንስ በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱን ውልና ማስረጃ ያስቀምጡ። በእጅዎ የጻፉት ከሆነ ይህን አይርሱ፤ በ7 ዓመት ውስጥ እዚያ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። ሐሳብዎ ቢለወጥ በማንኛውም ጊዜ አዲስ መጻፍ ይችላሉ፤ ሲጽፉ የቀድሞውን መሻርዎን በግልጽ ያስፍሩበት።