ደራሲው ራሱ የሚያነብበት ሸክላ

ጥያቄ፦ ከአጎቴ ከወረስኳቸው ሸክላዎች አንዱ ዘፈን የለበትም፤ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ታሪክ ያነብበታል። ሽፋኑ እንደሚለው አንባቢው ደራሲው ራሱ ነው። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቼ ያደግሁ በመሆኔ፣ ተዋናይ እያለ ደራሲው ለምን እንደሚያነብ አልገባኝም። ለመሆኑ አንድ ሙሉ ታሪክስ በአንድ ሸክላ ይገባል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር ይሻላል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለነበር፣ ታሪክ ሊሰማበት የፈለገ ሰው ገና ወሬው ሳይሞቅ ተነሥቶ መገልበጥ ነበረበት። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ያቀረበው፣ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ሸክላ ግን በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ስለሚይዝ፣ ለአጭር ልቦለድ በልክ የተሰፋ ያህል ተስማማው።

ይህን አጋጣሚ ከተጠቀሙበት መካከል ባርባራ ኮኸንና ማሪያን ሮኒ የተባሉ ሁለት የ22 ዓመት ወጣት ሴቶች ይገኛሉ። በ1952 በኒው ዮርክ ካድመን የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቁመው፣ የዌልሱን ባለቅኔ ዲላን ቶማስን ግጥሞቹን እንዲያነብ ጋበዙት። ግጥሞቹ አንዱን ገጽ ሞሉና ሁለተኛው ባዶ ቀረ። ሌላ ምን እንዳለው ሲጠየቅ፣ በአንድ የፋሽን መጽሔት ወጥቶ የነበረ፣ ስለ ልጅነቱ የገና በዓል የሚተርክ ጽሑፉ ትዝ አለው። በዚያ ትረካ ልጆቹ ጎረቤት ቤት እሳት ተነሣ ሲባል ሮጠው ገብተው የበረዶ ድቡልቡላቸውን ጭሱ ውስጥ ይወረውራሉ። ባዶ ቦታ ለመሙላት የተነበበው ይህ ታሪክ ከግጥሞቹ በላይ ታወቀ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ሸክላውን በ2008 ብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አካተተው።

ወደ ተዋናዩ ስንመለስ፣ ወጋየሁን ለሚያህል ተራኪ ተወዳዳሪ አናቀርብም። ደራሲ ሁሉ ጥሩ አንባቢ አይደለም፤ አሜሪካዊው ልቦለድ ጸሐፊ ዊልያም ፎክነር እንኳ ያን ሁሉ ረጅም ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ ይነዳዋል። ይሁንና ደራሲው ሲያነብ፣ የትኛው ቃል ላይ ሊጫን፣ የቱ ጋ ሊተነፍስ እንዳሰበ ከራሱ አንደበት እንሰማለን። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ግዛት ተወላጅ የሆነችው ደራሲ ዩዶራ ዌልቲ፣ ከቤተሰቧ ተጣልታ ፖስታ ቤት ውስጥ መኖር ስለጀመረች ሴት የጻፈችውን ታሪክ ለካድመን ስታነብ፣ የዚያች ሴት ነገረኛነት በወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በአገሩ የአነጋገር ዜማ ውስጥም እንዳለ ይታወቃል። ይህን ከሌላ አገር የመጣ ተዋናይ በጥናት ይደርስበት ይሆናል፤ እርሷ ግን የተወለደችበት ነው።

ሸክላዎን ከማጫወትዎ በፊት መርፌውን ይመልከቱ። በአሮጌ ማጫወቻዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገለበጥ ባለ ሁለት ፊት መርፌ አለ፤ ለ78 የተሠራው ወፍራሙ ፊት የእርስዎን ሸክላ ይቦጭረዋል። አቧራውንም የመስመሮቹን ዙሪያ ተከትለው በለስላሳ ብሩሽ ያንሡ። ዘፈን ቢሆን ትንሽ ጭረት በሙዚቃው ይሸፈን ነበር፤ በንባብ ላይ ግን ደራሲው ለትንፋሽ ዝም ባለ ቁጥር ጎልቶ ይሰማል።