እግዱን አገደ? ታዲያ በሩ ተከፈተ ወይስ ተዘጋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል፣ ስለተነሳው ውዝግብ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሳነብ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ፦ «ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የተጫዋቾቹን አድማ ያገደውን ብይን አገደ።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተጫዋቾቹ ወደ ሥራ ተመለሱ ወይስ አልተመለሱም? ያልገባኝ እኔ ነኝ ወይስ ጸሐፊው ነው ያወሳሰበው?

መልስ፦ እርስዎ ምንም አላጠፉም። እኔም ዞሮብኛል፤ ነገሩን አስቀድሜ ባላውቀው ኖሮ ዛሬም እንደዞረብኝ ነበር። መልሱ «አልተመለሱም» ነው። ይህን ግን ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣት አይቻልም፤ ሦስት ቃላት ተባብረው ደብቀውታል።

የመጀመሪያው «አድማ» ነው። በ2011 አድማ የመታ ተጫዋች አልነበረም። ማርች 12 ላይ በራቸውን የዘጉት የክለቦቹ ባለቤቶች ናቸው። ተጫዋቾቹማ ሥራችን ይከፈትልን ብለው ነው የከሰሱት፤ ከከሳሾቹ መካከል ቶም ብሬዲና ፔይተን ማኒንግ ይገኙበታል። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ቃል አላጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ሠራተኛው ሲያቆም «ሥራ ማቆም»፣ አሠሪው ሲዘጋ «ሥራ መዝጋት» ይላል። በቃ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቃል ነው። «አድማ» ከ«አደመ» የመጣ ነው። «አደሙበት» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ተሰብስቦ በሰው ላይ መዶለትን ነው። ባለቤቶቹ የዘጉትን በር «የተጫዋቾች አድማ» ካልነው ሳናስበው ጥፋቱን ለተጫዋቾቹ ሰጠን ማለት ነው።

«ብይን» ላይ ብዙ አልቆይም። በፍርድ ቤት አካባቢ ብይን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሙግቱ መሃል ለተነሳ ጭብጥ የሚሰጠው ነው፤ መቃወሚያ ሲቀርብ፣ ወይም ተከሳሹ ይከላከል አይከላከል ሲባል። የሙግቱ መቋጫ ፍርድ ነው። አድርግ ወይም አታድርግ የሚለው ትዕዛዝ ነው። ዜና ጸሐፊዎቻችን ግን ሁሉንም ብይን ይሉታል፤ ከበድ ስለሚል ይመስለኛል። እዚህ ጋ የተሰጠው የእግድ ትዕዛዝ ነው።

ዋናው ችግር ያለው «አገደ» ላይ ነው። እረኛ ከብት ያግዳል እንላለን። አይገድለውም፣ አይሸጠውም፤ ካለበት አልፎ ወደ ሰው ማሳ እንዳይገባ ይይዘዋል። የፍርድ ቤቱም እግድ እንዲሁ ነው፤ ነገሩን ባለበት ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ትዕዛዝን ማጥፋት «መሻር» ነው፤ ተቀብሎ ማጽደቅ «ማጽናት»።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ፣ ቀኖቹን እንቁጠር። ኤፕሪል 25 የሚኒሶታ ፌዴራል ዳኛ ሱዛን ኔልሰን ሥራ መዝጋቱን አገዱ። በማግስቱ አንዳንድ ተጫዋቾች ወደየክለባቸው ሄዱ። ገቡ፣ ግን ክብደት ማንሻ ክፍሉን መጠቀም አልተፈቀደላቸውም። ኤፕሪል 29 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛዋን ትዕዛዝ ለጊዜው አገደ፤ ሜይ 16 ደግሞ ይግባኙ እስኪወሰን እግዱን አራዘመ። ትዕዛዙ የተሻረው ጁላይ 8 ነው፣ 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ። ምክንያቱም ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሥራ ክርክር ውስጥ እግድ የመስጠት ሥልጣናቸውን የሚገድብ የ1932 ሕግ አለ። እንግዲህ ኤፕሪል 29 «አገደ»፣ ጁላይ 8 «ሻረ»። በሁለቱ ግሦች መሃል አሥር ሳምንት አለ። ጸሐፊው የትኛውን ቀን እያወራ እንደነበር ያወቅነው «አገደ» በማለቱ ብቻ ነው፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ባለቤቶቹ ሥራ መዝጋታቸውን እንዲያቆሙ የተሰጠው ትዕዛዝ አፈጻጸሙ ታግዶ እንዲቆይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አዘዘ።» ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ግን ማን እንደዘጋ፣ የታገደውም ምን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። «አፈጻጸሙ ታግዶ ይቆይ» የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የፍርድ ቤቶቻችን የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በቤዝቦሉም ታሪክ ይኸው ስህተት ሲደገም አያለሁና። እዚያ በእርግጥም አድማ ነበር። ተጫዋቾቹ ኦገስት 12 ቀን 1994 ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት የፍጻሜ ውድድርም ተሰረዘ። ማርች 31 ቀን 1995 የያኔዋ የኒውዮርክ ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር የእግድ ትዕዛዝ ሰጡ። «ዳኛዋ አድማውን አገዱ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የታዘዙት ባለቤቶቹ ናቸው፤ በድርድሩ መሃል የለወጡትን የቅጥር ሁኔታ ወደ ነበረበት እንዲመልሱ። ተጫዋቾቹም ትዕዛዙ ከወጣ እንመለሳለን ብለው ስለነበር አድማውን ያበቁት ራሳቸው ናቸው።

ባለቤቶቹ ይግባኝ ብለው እግዱ ይታገድልን አሉ። ኤፕሪል 4 ጥያቄያቸው ውድቅ ሆነ። ይህን «እግዱ እንዲታገድ የቀረበውን አቤቱታ አልተቀበለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሰዋስዉ አንድም እንከን የለበትም። አንባቢ ግን እንደ እርስዎ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። «ፍርድ ቤቱ የሶቶማዮር ትዕዛዝ ሥራ ላይ ይዋል አለ» ቢባል አንዴ ይበቃዋል።