ካርዱን ከመቀየርህ በፊት ማቀዝቀዣውን ፍታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካዛንቺስ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ መሪና ፔዳል ገጥሜ ጭንቅላት ላይ በሚጠለቀው የኩዌስት 2 ቪአር መነጽር አሴቶ ኮርሳ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም አስነዳለሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ምስሉን የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 3060 ነው። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ኩርባ ላይ ምስሉ ይንገጫገጫል፣ በሰከንድ 90 የነበረው የምስል ቁጥር 45 ላይ ይቆማል። ደንበኞቼን ያቅለሸልሻቸዋል። ባለፈው ወር አንድ ሠራተኛ አጽድቶ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሐል የሚቀባውን ፔስት ቀይሮልኝ ነበር። አሁን ደግሞ ካርዱ አቅም የለውም፣ ቀይረው ይለኛል። ልቀይረው?

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። አቅም ያነሰው ካርድ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ነው የሚያስቸግረው። ቆይቶ የሚመጣ ችግር የሙቀት ነው። ፔስት በተቀየረ ማግስት የመጣ ከሆነ ደግሞ እኔ መጀመሪያ የምፈታው የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነው።

ከመፍታትህ በፊት ግን አረጋግጥ። አፍተርበርነር የሚባለውን የሙቀትና የፍጥነት መከታተያ ፕሮግራም ከፍተህ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የካርዱንም የሥራ መጠን እያስመዘገብክ 15 ደቂቃ ንዳ። ሙቀቱ 90 ዲግሪ ደርሶ፣ ፍጥነቱ ከ4.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ቁልቁል ከወረደ ነገሩ አለቀ። በዚያው ሰዓት ካርዱ 60 በመቶ ብቻ እየሠራ ካየኸው ደክሞት አይደለም፤ ከፕሮሰሰሩ ሥራ እየጠበቀ ነው።

ለምን በትክክል 45 ላይ እንደሚቆም ላስረዳህ፤ ይህን ሳስረዳ አይታክተኝም። መነጽሩ በሰከንድ 90 ምስል ይጠይቃል። ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 11.1 ሚሊ ሰከንድ ነው። እንደ ከበሮ ቁጠረው፤ ከበሮው ጨፋሪውን አይጠብቅም። ምስሉ በ12 ሚሊ ሰከንድ ቢደርስ የዘገየው ለአንዲት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ግን ያ ምት አምልጦታል፤ የሚቀጥለውን ምት መጠበቅ አለበት። መዘግየቱ ሲደጋገም የመነጽሩ ሶፍትዌር ጨዋታውን «አንድ ምት እየዘለልክ ና» ይለዋል። 90 ለሁለት ሲካፈል 45 ነው። የተዘለለውን ምስል ሶፍትዌሩ ራሱ በግምት ይሞላዋል። ቀጥታ መንገድ ላይ ግምቱ ይሳካለታል፤ ኩርባ ላይ ግን አጥሩና ምሰሶው በፍጥነት ወደ ጎን ስለሚሸሹ ይሳሳታል፣ ምስሉም ይሞገዳል። ተራ ስክሪን ላይ ይህን ዓይን ይቅር ይለዋል። መነጽር ውስጥ ግን ጆሮህ ጭንቅላቴ ዞሯል ሲል ዓይንህ አልዞረም ይላል፤ ማቅለሽለሹ ከዚያ ነው። አማካይ ቁጥርንም አትመን። 89 ምስል በጊዜው ደርሶ አንዱ 30 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ ያማረ ነው፤ የነጂውን ሆድ የሚያገላብጠው ግን ያ አንዱ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተሩን 5 ደቂቃ አሠራው፣ ፔስቱ ይለስልስ። አጥፋውና የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ደግሞ ለአቧራ ብለህም ቢሆን አትክፈት፤ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ በሰያፍ እያፈራረቅክ አላላ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያልክ አዙረው እንጂ ወደ ላይ አትሳበው። በዚህ ፕሮሰሰር እግሮቹ ያሉት ከራሱ ሥር ነው፤ ፔስቱ ከያዘው ከነእግሩ ተነቅሎ ይመጣና ይጣመማል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተጣለ ደህና ፕሮሰሰር በእጄ አልፏል።

ሥሩ ምን እንደምታገኝ እገምታለሁ፦ እንደ ቅቤ የተለቀለቀ፣ ዳር ዳሩ የደረቀ ርካሽ ነጭ ፔስት፣ ወይም በደንብ ያልያዘ ብሎን። እንዲህ ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ካርድ ቀይር ሲል ያናድደኛል። ሁለቱንም ገጽ በአልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠርገህ የታወቀ ፔስት በአተር ፍሬ ልክ መሐል ላይ አድርግ፤ ብሎኖቹን በሰያፍ ትንሽ በትንሽ እኩል አጥብቅ።

የአዲስ አበባን ከፍታም አስብበት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፣ ፋኑ የሚሸከመው ሙቀትም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ እዚህ በጭንቅ ነው የሚችለው። ብር ካለህ ለትልቅ ማቀዝቀዣ አውጣው፤ ከካርድ በብዙ ይረክሳል። የኮምፒውተሩን ሳጥንም ከግድግዳ አርቀው።

እስክትፈታው ደንበኛ እንዳይጉላላብህ መነጽሩን በሰከንድ ወደ 72 ምስል አውርደው፤ ለአንዱ ምስል 13.9 ሚሊ ሰከንድ ታገኛለህ። የተፎካካሪ መኪኖችን ቁጥር ቀንስ፣ በጌሙ ውስጥ የመኪናውን መስታወቶች የምስል ጥራት ዝቅ አድርግ።

ፓወር ሰፕላዩ ላዩ ላይ 700 ዋት ተጽፎበት በእጅ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስለው ዓይነት ከሆነ በደህና ቀይረው። ቀይረው ነው ያልኩህ፤ እሱን መክፈት የለም።

ሙቀቱ ከ75 ሳያልፍ አሁንም 45 ላይ ከቆመብህ የተመዘገበውን ግራፍ ላክልኝ፤ ስለ ካርዱ ያኔ እንነጋገራለን።