ጥያቄና መልስ፦ የጠበበ የአንገት ደም ቅዳ ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ከፍኖተ ሰላም፦ ዶክተር፣ አባቴ የአንገታቸው ደም ቅዳ ተከፍቶ የስብ ግግሩ ወጣላቸው። «እራፊ አድርገንበታል» ተባልን። ይበጃቸዋል?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ደም ቅዳው በቁመቱ ተቀዶ ከጸዳ በኋላ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ሲሰፋ ይጠባል። ስለዚህ ከእግር የተወሰደ ደም መልስ፣ የከብት ልብ ሽፋን ወይም ዳክሮን የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይጣፍበታል። እራፊ የተደረገለት ሰው መልሶ የመጥበብም የስትሮክም (ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም) ዕድሉ በቀጥታ ከተሰፋለት ያነሰ ነው። ሌላው ዘዴ ደም ቅዳውን ከመነሻው ቆርጦ እንደ እጅጌ በመገልበጥ ግግሩን አውጥቶ መልሶ መስፋት ነው፤ እራፊ አይሻም፣ የረጅም ጊዜ ውጤቱም ከእራፊው አይርቅም። እኔ አጥብቄ የምቃወመው በቀጥታ መስፋትን ልማድ ማድረግን ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ቢጠብ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳው ወፍሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ግን የስብ በሽታው ራሱ ተመልሷል። አስፕሪኑን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ከዳንግላ፦ ስቴንት (የጠበበውን ደም ቅዳ ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) አይሻልም? ቢላ የለበትም።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የክሬስት ጥናት፣ የሕክምናው ሰሞን ካለፈ በኋላ እስከ 10 ዓመት በዚያው ጎን ስትሮክ የደረሰባቸው በስቴንት 6.9፣ በቀዶ 5.6 በመቶ ናቸው፤ ያን ያህል አይራራቁም። ልዩነቱ በሕክምናው ሰሞን ነው፦ በስቴንት ስትሮክ፣ በቀዶ ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይበዛል። ዕድሜያቸው ከ70 ለዘለለ ቀዶውን እመርጣለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ በዐቢይ ጾም ጠዋት ክኒን መዋጥ ግን ጾም መግደፍ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ለታመመ ማን ከለከለ? የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጠይቄ ነው የምናገረው!

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ። ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ወደ ማፍጠሪያ ማዛወር ይቻላል። አስፕሪኑን መተው አይቻልም።

ከቡሬ፦ እናቴ እንጀራ ስትጋግር የሊጡ ጣሳ ከቀኝ እጇ ወደቀ፣ አፏም ተጣመመ። ወዲያው ተመለሰላት። ጎረቤት «ምች ነው» አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት! ይህ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ መጥፋቱ አያዘናጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ምልክት ታይቶባቸው ደም ቅዳቸው ከ70 እስከ 99 በመቶ ከጠበበው መካከል በ2 ዓመት ውስጥ በዚያው ጎን ስትሮክ ያገኛቸው፣ በመድኃኒት ብቻ 26፣ በቀዶ 9 በመቶ ነበሩ። ቀዶው ካስፈለገ በ2 ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ከእንጅባራ፦ ቀዶው አደጋ አለው?

መልስ፦ ለማን? ምልክት ነበረ? ስንት በመቶ ጠቧል? ይህን ይዘው ይመለሱ።

ከሞጣ፦ እራፊው ይበጃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ያንብቡት።