ሦስት የታመሙ ልጆች ስለ ውሃው ይነግሩናል ወይ?

አንዲት እኅታችን «በወረዳችን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሕፃናት በደም ካንሰር ታመሙ፤ ከጉድጓዱ ውሃ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። በክልል ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁና ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ስለ ውሃው ብዙ አይነግረንም።

አንድ ጊዜ የክፍላችንን መዝገብ በአድራሻ እንድለይ ታዝዤ ነበር። ብዙ ሕሙማን የወጡት ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለችው ቀበሌ ሆነና ደነገጥሁ። በዚያው ሳምንት የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አባት ሳነጋግር ግን ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ቤታቸው በመተማ በኩል ሲሆን፣ ካርድ ላይ ያስመዘገቡት ለሕክምናው ሲሉ የተከራዩትን ክፍል ነበር። ልጅቱ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዳለች፤ ጣፊያዋ ሲያብጥ ደግሞ፣ አካባቢው ጣፊያ የሚያሳብጠው ካላዛር የተባለ በሽታ ያለበት በመሆኑ፣ እርሱ ተጠርጥሮ ነበር። እግሯን ገልጬ ሳይ ሲጫኗቸው የማይጠፉ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩባት። በሽታው በእርግጠኝነት የታወቀው መቅኒዋ ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በመዝገብ ላይ የሌሉት ልጆች ናቸው። ሉኪሚያ የደም ካንሰር ማለት ነው፤ በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነቱ፣ የሊምፎብላስት ሉኪሚያ፣ ምዝገባቸው በተሟላ አገሮች፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል፤ እኛ ዘንድ ግን ወደ ክፍላችን የሚደርሱት አብዛኞቹ ከዚያ ከፍ ያሉ ነበሩ። ትንንሾቹ በትኩሳትና በደም ማነስ፣ የደም ምርመራ ሳይደረግላቸው፣ በወባ ወይም በሳንባ ምች ስም ያልፋሉ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንድ ወረዳ ቁጥሩ በድንገት ሲጨምር፣ የጨመረው በሽታው ሳይሆን ጥሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

ምዝገባው በተሟላበት አገርም መልሱ ቀላል አልሆነም። በእንግሊዝ፣ በሴላፊልድ የኑክሌር ጣቢያ አጠገብ ባለችው በሲስኬል መንደር፣ የሕፃናት ሉኪሚያ መብዛቱ እ.ኤ.አ. በ1983 በቴሌቪዥን ከተነገረ በኋላ፣ በሰር ዳግላስ ብላክ የተመራው ኮሚቴ በ1984 መብዛቱን አረጋገጠ፤ ሆኖም ከጣቢያው የወጣው ጨረር ያን ያህል ሕመም ለማምጣት የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ሊዮ ኪንለን የተባሉ ተመራማሪ ኋላ ላይ፣ ከሩቅ የመጣ ብዙ ሕዝብ ገለልተኛ ከሆነ ነዋሪ ጋር ሲቀላቀል የሚዛመት አንድ የተለመደ ኢንፌክሽን በጥቂት ልጆች ላይ ይህን ያስከትል ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከፍተኛ ጨረርና ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የዘረመል ችግር) ሥጋቱን እንደሚጨምሩ ይታወቃል፤ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ግን ምክንያቱ አይገኝም፤ ወላጆችም ጥፋት የለባቸውም።

እርስዎ ግን ዝም አይበሉ። የሦስቱን ልጆች የሉኪሚያ ዓይነት፣ ሕመሙ የጀመረበትን ወርና ያን ጊዜ የኖሩበትን ቤት ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ጽፈው ለዞኑ ጤና መምሪያ ያቅርቡ። ውሃውም ይመርመር፤ የካንሰር ሥጋት ባይኖርም ንጹሕ ውሃ ይገባችኋል። ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ልጁ የዳነ ሲመስል በትራንስፖርትና በቤት ኪራይ ተማረው የሚያቋርጡ ወላጆችን አይቻለሁ። ከሦስቱ ቀጠሮ ያቋረጠ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄደው ይጠይቁልኝ።